ከወዲያ የመጣ ውሃ

ሰውዬው የጋራዡን ግድግዳ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ አስለስኗል። ልስኑ ግን ከሥሩ እየረጠበ፣ እያበጠ ይረግፋል። የሚጠረጥረው ከግድግዳው ወዲያ የሚኖሩትን ወይዘሮ የሻረግን ነው።

«ሆን ብላ ነው እጣቢዋን የምትደፋብኝ!» ይላል። ሰላምታ ከነሳቸው ከርሟል፤ አሁን ደግሞ ሊከሳቸው ቆርጧል። ሚስቱ አስካለ ይህ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንገቷን ትደፋለች።

አንድ ማለዳ እጅ ከፍንጅ ሊይዛቸው አሰበና፣ አስካለን «በእግሬ ዞር ዞር ልበል» ብሏት ወጣ። ጋራዥ ገብቶ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አደረገና ከኋላ ወንበር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተጋደመ። ብዙም ሳይቆይ በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ባለው ክፍተት ቢጫ ጀሪካን ብቅ አለ።

«ያዝኩሽ!» አለ በልቡ።

ጀሪካኑን የተቀበለችው ግን አስካለ ነበረች።

«እትዬ፣ እሱ እንዲያ እየሰደበዎት...»

«ተይው ልጄ። መኪናው ተገልብጦ ከተረፈ ሁለት ዓመቱ፤ አንድም ቀን ጸበል ሳይረጭለት ወጥቶ አያውቅም። ዛሬም አይቀርበትም።»

አስካለ በመስኮቱ በኩል መሪውን ረጨች። ጠብታው ከኋላ ድረስ ዘልቆ የሰውዬው ግንባር ላይ አረፈ። የተረፈውን ደግሞ፣ ጸበል አይረገጥምና፣ እንደ ሁልጊዜው ከግድግዳው ሥር አፈሰሰችው።