አንዲት ወንበር ስትቀር

ልጅቷ ሦስተኛው መስመር ላይ ደርሳ ተደናቀፈች። አስጠኚዋ በእርሳሷ ጫፍ ቅጹ ላይ አንዲት ነጥብ ጣል አደረገች። ለእያንዳንዱ መደናቀፍ አንድ ነጥብ ነው፤ ነጥቡ ዐሥር የሞላ ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ እዚህ ክፍል ገብቶ ያጠናል። እስካሁን ስድስት ሆኗል።

አያትየው ከልጅቷ ጎን ተቀምጠዋል። ሌላ ቀን አሳዳጊ የሚጠብቀው ግቢው ውስጥ ነው። ዛሬ ግን አስጠኚዋ ራሷ ወንበር ስባ፣ "እዚሁ ቁጭ ይበሉ ጋሼ" አለቻቸው። ደንቡንም ቃል በቃል አንብባ አስፈረመቻቸው፦ በፈተናው ጣልቃ የገባ አሳዳጊ ልጁን ያሰርዛል፤ የተሰረዘው ልጅ ከተጠባባቂዎቹ መጨረሻ ይሰለፋል። ተጠባባቂዎቹ አርባ ሦስት ናቸው። ለጥናቱ የቀረችው ወንበር አንዲት ናት።

ሰውየው አላወቋትም። እሷ ግን ገና በሩን ሳይገፉ በሳላቸው ነው የለየቻቸው። ሦስተኛ ክፍል ሳለች ያ ሳል ከኮሪደሩ ሲሰማ ክፍሉ በሙሉ እስትንፋሱን ይውጥ ነበር። ሲያነብ የተደናቀፈ ልጅ ካለ፣ መምህሩ በጣታቸው አንጓ ጠረጴዛውን አንዴ ኳ ያደርጉታል። ልጁ ሳይነገረው መዳፉን ይዘረጋል። ማስመሪያው በጠርዙ ያርፍበታል። በዚያ ዓመት እሷ ማንበብ አልለመደችም፤ እጅ መዘርጋት ነው የለመደችው።

ከመጻሕፍቱ ሁሉ ከባዱን ገጽ መርጣ ለልጅቷ የሰጠቻት አስባበት ነው። ልጅቷ መደናቀፏ አይቀርም። ሰውየውም አንድ ልጅ ፊታቸው እየተደናቀፈ እጃቸውን ሰብስበው መቀመጥ አይሆንላቸውም።

"የተ… የተንሰ… የተንሰራ…"

ኳ።

ልጅቷ ዓይኗን ከገጹ ሳትነቅል ግራ እጇን ጠረጴዛው ላይ ወደ አያቷ ዘረጋች፤ መዳፏ ወደ ላይ።

አስጠኚዋ እርሳሱን አስቀምጣ እስክሪብቶ አነሳች። ከቅጹ ግርጌ "ተሰርዟል" የሚል ሳጥን አለ። የሚፈልገው አንዲት ምልክት ብቻ ነው፤ ይህችን ምልክት ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቃታለች። እስክሪብቶው ሳጥኑ ላይ ደርሶ ቆመ። በልጅቷ መዳፍ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር፣ ቀጥ ያለ ቀይ ሰንበር አለ። ሰርዛ ብትመልሳት የምትመለሰው ወደዚያው ማስመሪያ ነው።

"እጅሽን መልሺ የኔ እናት" አለቻት። ልጅቷ እጇን ሰብስባ ጭኗ ላይ አደረገችው።

"ይቅርታ ልጄ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው" አሉ ሰውየው። "ዕድሜ ልኬን መምህር ነበርኩ።"

"አውቃለሁ ቲቸር። ሦስተኛ ክፍል፣ መስኮቱ ጥግ።"

መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩዋት። ፊታቸው በራ። "አስተምሬሻለሁ በይኛ! አየሽ፣ ያ ማስመሪያ የት እንዳደረሰሽ?"

ይህንን አልጠበቀችም። ቢደነግጡ፣ ቢክዱ፣ ለሁሉም መልስ አዘጋጅታ ነበር። ለምስጋና ግን አልተዘጋጀችም። የጎደሉትን ነጥቦች ራሷ ሞላች። ቅጹን አዙራ ፊታቸው አስቀመጠችና እስክሪብቶውን አቀበለቻቸው።

"ልጅቷ ድጋፍ ያስፈለጋት ለምንድን ነው ይላል። የሚሞላው አሳዳጊ ነው።"

"እናቷ ጥላት ሄዳ ነዋ። ጻፊው አንቺ።"

"ስለ እናቷ አይደለም። 'ቤት ውስጥ ስለምመታት' ብለው ይጻፉ። በራስዎ እጅ። እሱን ካልጻፉ ወንበሯን ለሌላ ልጅ እሰጣታለሁ።"

ሰውየው ወደ ልጅቷ ገልመጥ አሉ። "በልጅ ፊት?"

"እኛንስ በማን ፊት ነበር?"

መነጽራቸውን መልሰው ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጀመሩ። የእጅ ጽሑፋቸው አሁንም የታተመ ይመስላል። "ቤት ውስጥ" ብለው ጻፉና እዚያው ላይ ቆሙ።

አስጠኚዋ በልቧ እስከ ሦስት ቆጠረች። ከዚያ ጣቷን አጥፋ በአንጓው ጠረጴዛውን አንዴ መታችው።

ኳ።

ሰውየው ቀና አላሉም። ልጅቷ ግን ጭኗ ላይ የነበረውን እጅ ቀስ ብላ አወጣችና ዘረጋችው፤ አሁን ወደ አስጠኚዋ።