ቀድሞ ያሰረ

ጣውላ የጫነችው ጀልባ በነፋስ ተገልብጣ ኖሮ፣ ማለዳ ላይ የጣና ዳር ጣውላ በጣውላ ሆኖ ተገኘ። የመንደሩ ሰው ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ግር ብሎ ወረደ። ውሃ የተፋውን እንጨት ቀድሞ ጨርቅ ያሰረበት ሰው ይወስደዋል፤ የመንደሩ የቆየ ልማድ ነው።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ሲደርሱ፣ ጎረቤታቸው ቢተው ሸሚዙን እየተረተረ ጣውላ ላይ ያስራል።

«የሰው ንብረት እኮ ነው። ባለቤቱ እስኪመጣ አንድ ቦታ ይከመር» አሉት።

«ጣና የሰጠን ሲሳይ ነው፣ አባባ። ይልቅ እርስዎም ከጋቢዎ ጫፍ ቀደድ ያድርጉ።»

«ጀልባ ነጂውስ? እሱን የፈለገ ሰው አለ?»

«ዋና ያውቅ ይሆናል» አለ ቢተው፣ ቀና ሳይል።

ሽማግሌው ምራቃቸውን እንትፍ አሉ። ከእነዚህ ጅቦች ጋር ሠላሳ ዓመት ማኅበር መጠጣታቸው ቆጫቸው። ደግነቱ የእሳቸው ቤት እንዲህ ያለ ነውር አያውቅም።

ነጂውን ፍለጋ ዳር ዳሩን ይዘው ሄዱ። ውሃው ዳር ከበቀለው ደንገል ውስጥ አገኙት። አንድ ረጅም ጣውላ በሁለት እጁ እንዳቀፈ፣ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሞቷል። አንገቱን ዳሰሱት፤ ሙቀቱ ገና አልለቀቀውም።

ከጣውላው ጫፍ ላይ ጨርቅ ታስሯል። አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላ ቁራጭ ነው፤ ለፋሲካ ለባለቤታቸው የገዙት።

ከኋላቸው ባለቤታቸው ገመድ ይዘው ደረሱ።

«ቅድም አልለቅ ብሎኝ ነው ትቼው የሄድኩት» አሉ እያለከለኩ። «አሁንስ ለቀቀ?»