በካላማዳሪ የተጠቀለለው ሳይክል

“ሚዛንህን አውጣና ውሰደው።”

ዲሪርሳ ነው ለቆራሌው እንዲህ ያለው… ቅዳሜ ጠዋት፣ ቡራዩ፣ እነሱ በር ላይ።

ቆራሌው አሮጌውን ማውንቴን ሳይክል ዞር ዞር ብሎ አየው። ከላይ እስከ ታች በጥቁር ካላማዳሪ ጎማ ተጠቅልሏል፣ ጭቃም ተለቅልቋል። ለጎማው አልከፍልም አለና መዘነው።

የሰጠው ብር ለሁለት ሰው በየዓይነቱ አይበቃም። ዲሪርሳ ግን ብሩን ፈልጎ አይደለም… ሳይክሉ ከዓይኑ እንዲጠፋለት ነው።

ቆይ፣ ገና አትፍረዱበት።

በማግስቱ እሁድ ሱሉልታ ላይ የሳይክል ክለብ ምልመላ ነበር። ዓመት ሙሉ የጠበቃት ቀን ናት። ገፈርሳ ድረስ በየቀኑ ዳገቱን ሲወጣና ሲወርድ የከረመው ለሷ ነው።

ሳይክሉ መጀመሪያ የአባቱ የኦቦ ባጫ ነበር። ኦቦ ባጫ ገፈርሳ አካባቢ ዘበኛ ናቸው። አሥራ ምናምን ዓመት የነዱትን ሳይክል ለልጃቸው ሰጥተው ሥራ በእግራቸው መሄድ ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

ዲሪርሳ ‘አዲስ ይገዛልኝ’ ብሎ ስንት ወር ነዘነዛቸው። እሳቸው ደግሞ የዛሬ አዲስ ቀለም ብቻ ነው፣ የዚህ ብረቱ ጠንካራ ነው፣ ዕቃዎቹን ብቻ እንቀይርለት ይላሉ።

ከዚያ ወይፈናቸውን ሸጡ።

ልጅ ሆዬ አዲስ ሳይክል መጣልኝ ብሎ ሲጠብቅ… አባት አርብ ከሥራ በኋላ ያንኑ አሮጌ ከሳይክል ሠሪው ከሱልጣን ዘንድ እየገፉ መጡ። ያውም በጎማ ተጠቅልሎ። ሱሉልታ ሳትደርስ እንዳትፈታው አሉት፣ ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ዲሪርሳ ብረቱ ተሰንጥቆ በጎማ አስረው ያመጡለት መሰለው። የወይፈኑ ብር የት ገባ እያለ እርር ድብን አለ።

ጠዋት አባቱ ሲወጡ ቆራሌውን ጠራ። ሳይክሉ ከጠፋ ተበድረውም ቢሆን ዛሬውኑ አዲስ ይገዙልኛል ብሎ ነው። ቀትር ላይ ሲመለሱ “ተሰረቀ” አላቸው።

እኔም፣ የሰፈር ጓደኛው፣ እዚያው ነበርኩ። ኦቦ ባጫ በሩ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

“አትፍታ ብልህም፣ ጎማውን ፈተህ አይተኸው ነበር?”

“አላየሁም አባ።”

ያኔ ዘርዝረው ነገሩን… የፊት ሾኩ አዲስ፣ ማርሹ አዲስ፣ ፍሬኑ አዲስ፣ ካቴናው አዲስ። ወይፈኑ በሙሉ እዚያ ጎማ ሥር ነበር። የጠቀለሉት ዓይን ፈርተው ነው። ልጃቸውን ለዚያች ቀን ሳይደርስ የሰው ዓይን እንዳይበላባቸው ብለው።

“ኢልማ ኮ… ልጄ…” አሉ። “ሌባው እንኳ አየው። አንተ ልጄ አላየኸውም።”

ማታውን ዲሪርሳ እውነቱን ነገረኝ። እሁድ ሌሎቹ ሱሉልታ ላይ ሲሮጡ እኔና እሱ ሰበታ ነበርን። ቆራሌዎች የሰበሰቡት ብረት የሚራገፍበት ግቢ ውስጥ።

ሳይክሉ የለም። ገና ጎማው ሲፈታ ያየ ሰው ወዲያው ገዝቶት ሄደ አሉን። ጥግ ላይ የተቆራረጠ ካላማዳሪ ተጥሏል። ዲሪርሳ አንዷን ቁራጭ አንስቶ ኪሱ ከተታት።

ስንመለስ ኦቦ ባጫ ከቤተክርስቲያን ገብተዋል፣ ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም። በዕድሜያቸው ሰው ረግመው አያውቁም እኮ።

“ሌባውን ለገብርኤል ሰጥቼዋለሁ” አሉን። “ሳይክሉን የሚነዳበትን እግሩን ይያዝልኝ። አሜን በሉ።”

ዲሪርሳ መሬት መሬቱን አየ።

“አሜን” አለ።

እኔም አሜን አልኩ።

ይኸው ሦስት ወሩ… ዲሪርሳ ጉልበቴን አመመኝ ማለት ጀምሯል። በሽታ ይሁን ፍርሃት አላውቅም። አባቱ ወጌሻ ጋ ያመላልሱታል፣ እሱን ደግፈው፣ በእግራቸው።

አንድ ነገር ደብቄያችኋለሁ። ያንን ሳይክል ባየሁ ቁጥር “ቆራሌ መጣ” እያልኩ ሰፈሩን ሁሉ የማስቀው እኔ ነበርኩ። ልጁን አዲስ አዲስ ያሰኘው የኔ አፍ ነው። ‘ቆራሌ’ አልኩት፣ ለቆራሌ ሰጠው።

ትምህርቱ ይኸው… ወላጅ የሰጠህን ፈተህ ሳታይ ሚዛን ላይ አታውጣ። በሰው ዕቃ የምትስቅ ደግሞ፣ እንደኔ ያለኸው፣ አፍህን ሰብስብ።

ዲሪርሳ እንዳልናገር አስምሎኛል። እንዳልጽፍ ግን አላስማለኝም፣ ኦቦ ባጫም ፌስቡክ የላቸውም። የገዛ ልጃቸውን መርገማቸውን ሳያውቁ በየሳምንቱ ገብርኤል ፊት ቆመው ያንኑ ይደግሙታል።

የምሬን ነው የምጠይቃችሁ… እናንተ በኔ ቦታ ብትሆኑ እርግማኑን እንዲያነሱለት ትነግሯቸዋላችሁ? ወይስ ‘ልጄ ነው የሰረቀኝ’ ብለው ከሚሞቱ ዝም ትላላችሁ?