ሞተር፦ ደህና

ልብስ ሰፊዋ ሟች ባሏ የተወላትን መኪና ለማንም አታከራይም ነበር። መኪናዋ ስትነሳ አንዴ ታፏጫለች፤ ባሏ በሕይወት ሳለ "ተጠራሁ" እያለ ይስቅ ነበር።

ለመምህሩ ግን እምቢ ማለት አልሆነላትም። አሥራ አምስት ዓመት አጥር የተጋራ ጎረቤት፣ ልጇን ፊደል ያስቆጠረ ሰው ነው።

"እኔና አንቺ በወረቀት ነው እንዴ የኖርነው?" አላት መምህሩ።

አይሆንም ያለው መካኒኩ ወንድሟ ነው። "እታለም፣ የሰው ነገር አይታወቅም። ቅጽ ይሞላ።" መኪናዋንም ጋራዡ ወስዶ ሰርቪስ አደረገላትና የርክክቡን ቅጽ በገዛ እጁ ሞላው። ሞተር፦ ደህና። ቁጥሩ፦ ከሊብሬው ጋር አንድ።

መምህሩ ሊወስዳት ሲያስነሳት ፉጨቷ አልተሰማም። "እሱንም አስተካከልኩልሽ" አለ ወንድሟ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ኮፈኑን ሳይከፍቱ ፈረሙ። በእነሱ መካከል ከፍቶ ማየት ነውር ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መኪናዋ በገመድ ተጎትታ መጣች። ወንድሟ ኮፈኑን ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ይሄ የአንቺ ሞተር አይደለም። ቀይሮታል።"

መምህሩ አንድ ቃል ብቻ ነበረው። "እህቴ፣ የሰጠሽኝን ነው የመለስኩት።"

እንዲህ ዓይን ያወጣ ውሸት ከእሱ አልጠበቀችም። ከሰሰችው። ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ።

የወንድሟ መኪና የእሷ መንታ ናት፤ ግን እርጅና ተጫጭኗት ካልተገፋች አትነሳም። በዚህ ሰበብ ለአባታቸው ቀብር እንኳ ያረፈደው ሰውዬ በችሎቱ ቀን ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ። ደግ ወንድም ስለሰጣት አመሰገነች።

"ሲረከቡ ሞተሩን አይተዋል?" አሉ ዳኛው።

"አላየሁም፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ጎረቤቴ ናት" አለ መምህሩ።

"ቅጹ ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው?"

"የእኔ ነው።"

ተፈረደበት።

ደጅ ላይ ሲተላለፉ ቀና ብሎ አላያትም። "ሞተሩን እተካለሁ። ሰፈሩን ግን እለቃለሁ፤ ሌባ ተብዬ ከአጥርሽ ሥር አልኖርም።"  ከድቷታልና ፊቷን አዙራ አለፈችው።

ወንድሟ የራሱን መኪና በር ከፈተላት። "ግቢ እታለም፣ ላድርስሽ።"

መኪናው ውስጥ ከገባች ወራት አልፏታል። እንደ ልማዷ የሚገፋ ሰው ፍለጋ ዙሪያዋን ቃኘች።

ወንድሟ ቁልፉን አዞረው፤ መኪናዋ አንዴ አፏጨችና ተነሳች።