የቀረው ግማሽ ግድግዳ

ይህን ቤት ተራራው ላይ ከሟች ባለቤቴ ጋር በገዛ እጃችን ነው የሠራነው። መብራቱ ከፀሐይ፣ ውሃው ከጣራ፣ ግድግዳው ከጭቃና ከገለባ። እሷ ግራኝ ስለነበረች የመረገችው ሁሉ የጣቶቿ ፈለግ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ የእኔ በተቃራኒው ነው። የመጣ እንግዳ ሁሉ አይቶ ይለየው ነበር። አሁን እንግዳም የለ፤ የቅርብ የሚባለው ጎረቤት ግማሽ ቀን ያስኬዳል።

ዝናቡ ባለፈ ቁጥር የተላጠውን መልሼ እመርጋለሁ። ትናንት የጓዳውን ግድግዳ በውጭ በኩል እኩሌታውን እንደመረግሁ ጭቃ አለቀብኝ። ማታ ልጄ ደወለች።

“አባዬ፣ ምናለ እኔ ጋ ብትመጣ? ከግድግዳ ጋር ስታወራ ልታብድ ነው እኮ!”

“ግድግዳው ቢያንስ እንዳንቺ አይጨቀጭቀኝም።”

ሳቀች። ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ጭር አለ።

ዛሬ ጠዋት ጭቃ ላቦካ ስወጣ የቀረው ግማሽ ተመርጎ አገኘሁት። እርጅና ነው፣ ጨርሼው ረስቼ ይሆናል ብዬ ጠጋ አልኩ። የጣቶቹ ፈለግ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ነካሁት፤ ገና እርጥብ ነው።

ጥጉ ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ሳትመረግ ቀርታለች።

ከጓሮ ጭቃ ሲቦካ ይሰማኛል።