ቀኝ ጆሮው

በፈረንጆች አቆጣጠር ሚያዝያ 24 ቀን 1799፣ ረቡዕ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ልጁ አባቱን ደግፎ ቨርጂኒያ ውስጥ ካለ አንድ ፍርድ ቤት ገባ። የግዛቱ ምክር ቤት ምርጫ ነበር። በዚያ ዘመን ድምፅ በወረቀት አይሰጥም፤ መራጩ የሚመርጠውን ሰው ስም በተወዳዳሪዎቹ ፊት ጮክ ብሎ ይጠራል። አባትየው ፓርቲው ከተመሠረተ ጀምሮ ፌዴራሊስት ነው፤ ልጁ ግን የተቀናቃኙ ፓርቲ የሪፐብሊካኑ ተወዳዳሪ የፔይተን ሰው ነበር፤ ውድድሩም አንገት ለአንገት ሆኗል። የሽማግሌው ግራ ጆሮ ደንቁሯል፤ በቀኙም ቢሆን ልጁ ተጠግቶ ካልነገረው አይሰማም።

«ድምፅዎ ለማን ነው፣ አባቴ?» አለ ምርጫውን የሚመራው ሹም።

ልጁ ወደ ቀኝ ጆሮው ጎንበስ ብሎ፣ «አምና አጥራችንን በኮርማው ያስጣሰብን ማን ነበር?» ሲል አንሾካሾከ።

«ፔይተን!» አለ ሽማግሌው፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ።

ጸሐፊው መዘገበ። ፔይተንም እንደ ወጉ ተነሥቶ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» እያለ እጁን ጨበጠው።

«ጃጅቶ አረፈው» አለ አንድ የቆየ ወዳጁ ከፌዴራሊስቶቹ አግዳሚ፤ ሰው ሳቀ። ልጁ ቀና ማለት አቃተው።

ሽማግሌው የተጨበጠ እጁን አየ። ከዚያ ወደ መዝገቡ አጎንብሶ ስሙ ከማን ሥር እንደተጻፈ አነበበ። ጸሐፊው ይሰርዝ እንደሆነ ብዕሩን አንሥቶ ጠበቀው። ሽማግሌው ልጁን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ልክ ነው» አለ።

ፔይተን በአንድ ድምፅ አሸነፈ። አባትየው ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ኖረ፤ ልጁ ሊያናግረው በተጠጋ ቁጥር ፊቱን መለስ አድርጎ ግራ ጆሮውን ይሰጠው ነበር።