የጫማው ጭቃ

«እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ጫማውን አጠብሽው?»

«ታዲያስ!» አለች እናቴ፣ ጫማውን ከቆርቆሮው ላይ አውርዳ በሁለት እጇ ይዛው። «ከነማሰሪያው! ሶሉን በሚስማር እየፈለፈልኩ ነው ያጸዳሁት። ምን ዓይነት ጭቃ ነው በፈጠረሽ? ሲሚንቶ በለው!»

ጉድ ፈላ። ሄንሪክ ሻንጣውን ዘግቶ በነጠላ ጫማ በረንዳው ላይ ቆሟል። ሹፌራችን ኦልያድ ውጪ ሆኖ ክላክሱን ያንባርቀዋል። በዚህ ሰዓት ከዊንጌት ቦሌ ለመድረስ ምን ያህል እንደሚፈጅ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሄንሪክ ዴንማርካዊ ነው፤ ሣርና ቅጠል ያሳበደው ሰው። ከመስቀል ወዲህ አስጎብኚው እኔ ነኝ። ባሌ፣ ስሜን፣ ሸካ፣ መናገሻ፣ የእግሬ ጥፍር እስኪነቀል አብሬው ዞሬያለሁ። ለመጨረሻዎቹ ቀናት ሆቴል ልይዝለት ስል እማዬ «ሞቼ ነው ቆሜ! ልጄን በሰላም የመለሰልኝ ሰው ሆቴል ያድራል?» ብላ እኛው ቤት አስቀረችው።

ያን ጫማ በጉዞው ሁሉ አንድም ቀን አላጠበውም። ሆን ብሎ ነው። ሶሉ ውስጥ የተጠቀጠቀው ጭቃ የየተራራውንና የየጫካውን ዘር ይዟል፤ ቤቱ ሲገባ ፈርፍሮ ሳህን ላይ ይበትነዋል፣ ውሃ ያጠጣዋል፣ የበቀለው ይበቅላል። «ከአገራችሁ ይዤ የምሄደው እሱን ነው» ይለኝ ነበር። ይሄ ደግሞ ለእማዬ ይነገራል? ሰውዬው ጭቃ ጭኖ አገሩ ሊገባ ነው ብላት እኔንም እሱንም ጸበል ትወስደን ነበር።

«ማን እጠቢ አለሽ?» ጮህኩባት።

«ማን ይበለኝ? እንግዳ እንዲህ ሆኖ ይሸኛል? እናቱ በር ላይ ተቀብላው ‹የማን ቤት ነው ያደርከው?› ብትለው የእኔን የሾዴን ስም ሊጠራላት ነው? ከዚያ ሞት ይሻለኛል!»

ሄንሪክ ጫማውን ተቀብሏት ገለበጠው። ሶሉ የሕፃን ድድ መስሏል። እስቲ ምናለ ቢቆጣ! እሱ ግን መቆጣት አያውቅም። ጫማውን ጭኑ ላይ አድርጎ ደረጃው ላይ ዘጭ አለ።

«ምን ሆነ? ማስቲሹ ለቀቀ እንዴ?» እማዬ ፊቷ ተለዋወጠ። «አንቺ ልጅ፣ ተናገሪ እንጂ! አበላሸሁበት?»

አዎ፣ አበላሸሽበት ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን ጎህ ሳይቀድ ተነስታ፣ በዚያ በሚያማት ወገቧ ጎንበስ ብላ ስትፈገፍግ ያረፈደች ሴት ምን ይባላል? እሱንም ሳየው አንጀቴን በላኝ። ሁለቱም አሳዘኑኝ፣ ሁለቱም አናደዱኝ። በቃ እንደምንም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገሩን አስረዳኋት።

«ዘር?» አለች። «ጭቃው ውስጥ?» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወይኔ ሾዴ! ወይኔ!»

ሄንሪክ ቀና ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፤ «ውሃውን የት ደፋችው?»

ተረጎምኩላት።

«የት እደፋዋለሁ? ውሃ እኮ በፈረቃ ነው የሚመጣልን! የመጀመሪያውን፣ ሳሙና ያልነካውን፣ ጎመኔ ሥር ነው ያፈሰስኩት። ቦይ ውስጥ የደፋሁት የሳሙናውን ነው።»

ይህን ስነግረው ነጠላ ጫማውን ደረጃው ላይ ጥሎ በካልሲው ወደ ጓሮ በረረ። ጎመኑ ሥር ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አደረገ። «ዝገን፤ ላስቲክ ላምጣልህ» አልኩት።

«ተደባልቋል» አለ። «እዚሁ ይሁን።»

ተመልሶ የእማዬን ሁለት እጆች ያዘና በዚያ ስብርብር አማርኛው «እማማ ሾዴ፣ አረም አይነቀልም» አላት። ቀጥሎም «አደራ» አለ።

ኧረ ይሄን ቃል ማን አስተማረው! እማዬን የሚያውቅ ሰው «አደራ»ን እንዲሁ አይወረውርባትም። ጎረቤታችን ሲላስ ዱባይ ሲሄድ አደራ ብሎ ያስቀመጠው የማይሠራ ቴሌቪዥን እስከ ዛሬ ሳሎናችንን ዘግቶብናል። አቧራ ሲነካው እሷን ያማታል።

«አረም ሳልነቅል?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ጎመኔስ? ሰው ‹ሾዴ ጓሮዋ ዱር ሆነ› ሲል?» ከዚያ ግን ነጠላዋን አስተካከለችና «ተቀብያለሁ፣ ልጄ። በሰላም ግባ» አለችው።

«ቦንቱ!» ኦልያድ ከውጪ ጮኾ ጠራኝ። «አውሮፕላኑ እኛን ቆሞ አይጠብቅም እኮ!»

ሄንሪክ እርጥቡን ጫማ አጠለቀ። ቦሌ ድረስ እንደማልሄድ ቀደም ብዬ ነግሬዋለሁ፤ እዚያ ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም። ያን ሁሉ ተራራ አብሬው የወጣሁትን እኔን፣ በሩ ላይ ጥብቅ አድርጎ ካቀፈኝ በኋላ ያለኝ ምን መሰላችሁ? «ምን እንደሚበቅል ትነግሪኛለሽ።» በቃ! የእኔም ስንብት አረም ሆኖ ቀረ። ብሽቅ አልኩ። መኪናው ቁልቁለቱን ሲወርድ እጄን እንኳ በደንብ አላውለበለብኩም።

ስመለስ እማዬ ጎመኑ መሃል ቁጢጥ ብላለች። እጇ እንደ ልማዱ አንዲት ቡቃያ ጨብጧል፤ አልሳበቻትም።

«ቦንቱ፣ ይቺ የኛ ናት የሱ?»

«እማዬ፣ ዛሬ ጠዋት የፈሰሰ ዛሬውኑ ይበቅላል እንዴ? ሙጃ ናት! የራሳችን የጉለሌ ሙጃ!»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ንቀያት ልላት ነበር።

«ተያት» አልኳት፤ እኔም አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።